ስለ ታላቅ ቁጥርና ስለ እውነት

ሰው ያላየውንና ያልቈጠረውን ነገር አውቃለሁ ለማለት ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዳንዶቹ፥ እውነት ማለት ዓይን ያየው፥ ጆሮ የሰማው፥ እጅ የዳሰሰው ብቻ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ እውነት ተመልካች ቢያገኝም ባያገኝም በራሱ ጸንቶ የሚኖር ነገር ነው ይላሉ። ክርክሩ የፈላስፎች ብቻ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን መዝገብ የሚጽፍ የመንግሥት ሠራተኛ፥ በሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር፥ ፈተና የሚቀርብለት ተማሪ፥ ሁሉም በየዕለቱ ሳያውቁት ከሁለቱ አሳቦች አንዱን ይዘው ይሠራሉ። ስለዚህ ነገሩን ጥቂት ልንመረምረው እንወዳለን፤ ለምርመራችንም አንዲት የስንዴ ቅንጣት ትበቃናለች።

ስንዴን ምሳሌ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚጻፍባት ጎበሳ የሽርካ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሰላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በአርሲ ደጋ ላይ ትገኛለች። የዚህ ደጋ ኑሮ በስንዴና በገብስ የቆመ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ያደረሰው፥ በአሰላ አጠገብ የሚገኘው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም በስንዴ ምርምሩ የታወቀው በዚሁ አገር ነው። እንግዲህ በጎበሳ ስለ ቁጥር የሚናገር ሰው ከስንዴ የተሻለ ምሳሌ ከየት ያመጣል?

በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው፥ በዓረብኛ ይጽፍ የነበረው ኢብን ኸሊካን ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ አንድ ተረት መዝግቦ አቆይቶልናል። ሰንጠረዥን የፈለሰፈው ብልህ ሰው ጨዋታውን ለንጉሡ ባቀረበ ጊዜ ንጉሡ እጅግ ተደሰተና «ዋጋህን ራስህ ጠይቅ» አለው። ብልሁም «በገበታው የመጀመሪያ ቤት አንድ የስንዴ ቅንጣት፥ በሁለተኛው ሁለት፥ በሦስተኛው አራት፥ በአራተኛው ስምንት፥ እንዲሁ እጥፍ እጥፍ እየሆነ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ይሰጠኝ» ብሎ ለመነ። ንጉሡ ልመናው አነሰበትና ተቈጣ። ኋላ ግን የጎተራው ሹማምንት ሒሳቡን ሠርተው ቢነግሩት፥ በመንግሥቱ ያለው ስንዴ ሁሉ ቢሰበሰብ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ።

የሰንጠረዥ ገበታ 64 ቤት አለው። አንድ ሺህ የስንዴ ቅንጣት 40 ግራም ያህል ይመዝናል ብለን ሒሳቡን እንከተለው። በመጀመሪያው ረድፍ በስምንቱ ቤቶች የሚገኘው ስንዴ 255 ቅንጣት ነው፤ ይህ መዳፍ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው ረድፍ ሲጨመር 65,535 ይሆናል፤ ይህም ሁለት ኪሎ ተኩል ከፍ ቢል ነው። የገበታው እኩሌታ ሲሞላ ቅንጣቱ 4,294,967,295 ይሆናል፤ ይህ ወደ 1,718 ኩንታል ነው። እስከዚህ ድረስ ንጉሡ ሊከፍለው ይችላል፤ ነጋዴም ቢሆን በመኪና ሊያጓጉዘው ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፥ ነገሩ የሚገለጸው በሁለተኛው እኩሌታ ነው። 64ቱም ቤቶች ሲሞሉ የስንዴው ቅንጣት ቁጥር ይህ ይሆናል፤

18,446,744,073,709,551,615።

ይህ ከሰባት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነው። በዛሬው ጊዜ የዓለም ገበሬዎች ሁሉ በዓመት የሚያመርቱት ስንዴ ወደ 800 ሚሊዮን ቶን ስለሚደርስ፥ የብልሁን ዋጋ ለመክፈል ከ900 ዓመት በላይ የሚሰበሰበው የዓለም አዝመራ በሙሉ ያስፈልጋል። አንድ ሰው በየሴኮንዱ አንድ ቅንጣት እየቈጠረ ሌት ተቀን ቢሠራ፥ ለመጨረስ ከ580 ሺህ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ይህን ስንዴ ማንም አላየውም፤ ማንም አልቈጠረውም፤ ወደፊትም የሚቈጥረው የለም።

ነገር ግን ስለዚህ ስንዴ ምን ያህል እንደምናውቅ ልብ በሉ። በሦስት ወንድማማቾች መካከል ያለ አንዳች ትራፊ ይካፈላልን? የቁጥሩን ምልክቶች አንድ በአንድ ብንደምር 87 ይሆናል፤ 87 ለ3 ስለሚካፈል ስንዴውም ለሦስቱ በትክክል ይካፈላል። ለዘጠኝ ቢያካፍሉት ግን 6 ቅንጣት ይተርፋል። ይህን ለማወቅ ጎተራ መክፈት አያሻም፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እርሳሱን ይዞ በሁለት ደቂቃ ይደርስበታል። ከዓለም አዝመራ ሁሉ የሚበልጠውን ክምር ሕፃን ልጅ እንዲህ ሊዳኘው መቻሉ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ሌላም ጠባይ አለው። ከ1 ጀምሮ እስከዚህ ታላቅ ቁጥር ድረስ ያለውን ማናቸውንም ቁጥር፥ ከገበታው ቤቶች አንዳንዶቹን በሙሉ በመውሰድ ሌሎቹንም በሙሉ በመተው ልናገኘው እንችላለን፤ የምናገኝበትም መንገድ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። 13 ቅንጣት የሚፈልግ ሰው የ8ን፥ የ4ንና የ1ን ቤት ይወስዳል፤ የ2ን ቤት ይተዋል፤ ሌላ መንገድ የለውም። የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩትም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በ64 ቦታዎች ላይ «አለ» ወይም «የለም» እያለ የሚመዘግብ ኮምፒዩተር በነዚያ ቦታዎች ሊይዘው የሚችለው ከሁሉ የሚበልጠው ሙሉ ቁጥር ይኸው የስንዴው ቁጥር ነው።

በዚህ ጠባይ ላይ የቆመ አንድ የማባዛት ዘዴ በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» በሚል ስም ይጠራል፤ የጥንት ግብጻውያንም የሚመስለውን ዘዴ በፓፒረስ ጽፈው ትተውልናል። ዘዴው ከማጠፍና ከማጋመስ በቀር ሌላ እውቀት አይጠይቅም። የ13 ቁና ስንዴ ዋጋ፥ አንዱ ቁና በ34 ብር ቢሆን፥ ስንት ነው? 13ን በአንድ ወገን እያጋመስን ትራፊውን ብንጥል 13፥ 6፥ 3፥ 1 ይሆናል፤ 34ን በሌላ ወገን እያጠፍን ብንሄድ 34፥ 68፥ 136፥ 272 ይሆናል። በግማሹ ወገን ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መሥመር፥ ማለት የ6ን መሥመር፥ እንሰርዛለን። የቀሩትን 34ን፥ 136ንና 272ን ብንደምር 442 ብር ይወጣል። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ ያላጠና ሰው በዚህ ዘዴ የፈለገውን ያህል ትልቅ ሒሳብ ሊሠራ ይችላል። አንባቢያችን ይህን ዘዴ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ከጥቂት በኋላ አንድ ታላቅ ሊቅ የተሳሳተበትን ነገር የምንመረምረው በዚሁ ነውና።

ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ቁጥር መምህራን ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ የሚኖር ፒየር ደ ፌርማ የሚባል የፍርድ ቤት ሹም ነበር። ሥራው የመንግሥት ሥራ ሲሆን፥ በትርፍ ጊዜው ግን በዘመኑ ከነበሩት የቁጥር ሊቃውንት ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። ይህ ሰው በ1640 እንዲህ የሚል አሳብ አቀረበ። 2 ላይ 1 ብንጨምር 3 ይሆናል። 2ን በራሱ አባዝተን 1 ብንጨምር 5 ይሆናል። 4ን በራሱ አባዝተን 1 ብንጨምር 17፤ 16ን በራሱ አባዝተን 1 ብንጨምር 257፤ 256ን በራሱ አባዝተን 1 ብንጨምር 65,537 ይሆናል። እነዚህ አምስቱ ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ፌርማ፥ በዚሁ መንገድ ምንም ያህል ብንቀጥል የምናገኘው ሁሉ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ አመነ።

እነዚህ ቁጥሮች ለስንዴው ገበታ እንግዶች አይደሉም። አምስቱን እርስ በርሳቸው ብናባዛቸው 4,294,967,295 ይሆናሉ፤ ይህም የገበታው የመጀመሪያ እኩሌታ ስንዴ ነው። ስድስተኛው፥ ማለት 65,536ን በራሱ አባዝተን 1 ስንጨምርበት የሚገኘው፥ 4,294,967,297 ነው። የሁለተኛው እኩሌታ እያንዳንዱ ቤት በመጀመሪያው እኩሌታ ከሚመሳሰለው ቤት 4,294,967,296 ጊዜ ስለሚበልጥ፥ የገበታው ስንዴ በሙሉ የመጀመሪያው እኩሌታ በዚህ በስድስተኛው ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው ነው። እንግዲህ ስድስተኛው ቁጥር ብቸኛ መሆኑንና አለመሆኑን መጠየቅ፥ የስንዴው ክምር በምን በምን እንደሚካፈል መጠየቅ ነው።

ለ92 ዓመት ያህል ይህን ጥያቄ የፈታ ሰው አልተገኘም። በ1732 ግን የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሌዮንሃርድ ኦይለር፥ በመስኮብ አገር በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ሳለ፥ ስድስተኛው ቁጥር ለ641 ያለ ትራፊ እንደሚካፈል አስታወቀ። ኋላም እንዳስረዳው፥ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር ከ64 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከሺህ ቁጥሮች መካከል ሳይንከራተት 65፥ 129፥ 193 እያለ ቢሄድ በአሥረኛው 641ን ያገኘዋል። 641 በ6,700,417 ሲባዛ በትክክል 4,294,967,297 ይሆናል።

አንባቢያችን የኦይለርን ቃል እንዲሁ እንዲቀበል አንጠይቅም። 641ን እያጋመስን ብንሄድ 641፥ 320፥ 160፥ 80፥ 40፥ 20፥ 10፥ 5፥ 2፥ 1 ይሆናል። በሌላው ወገን 6,700,417ን ዘጠኝ ጊዜ እያጠፍን እንጻፍ። ሳይሰረዙ የሚቀሩት የ641፥ የ5ና የ1 መሥመሮች ብቻ ናቸው፤ በነሱም ትይዩ 6,700,417፥ 857,653,376ና 3,430,613,504 ይገኛሉ። ሦስቱን ብንደምር 4,294,967,297 ይሆናል። ነገሩ አለቀ። ማጠፍና ማጋመስ ብቻ የሚያውቅ የጎበሳ ገበሬ ልጅ፥ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ፥ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ አምኖት የነበረው ነገር ልክ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ይችላል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ቁጥር ሰው የሠራው መሣሪያ ነውን ወይስ ሰው ያገኘው እውነት? መሣሪያ ነው የሚሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። የቁጥርን ስም ያወጣነው እኛ ነን፤ ምልክቱንም የቀረጽነው እኛ ነን። በግዕዝ ፮፻፵፩ ብለን የምንጽፈውን ሌላው 641 ብሎ ይጽፈዋል። ግዕዝ እስከ ፼ ድረስ ምልክት ሲኖረው ባዶን የሚያመለክት ግን የለውም። ይህ ሁሉ የሰው ሥራ ነው። ሆኖም በግዕዝም ጻፍነው በሌላ፥ በጠጠር ቈጠርነው በስንዴ፥ 641 ስድስተኛውን ቁጥር ያለ ትራፊ ማካፈሉን ሊያስቀረው የሚችል የለም። ስሙ የኛ ነው፤ ባሕርዩ ግን የኛ አይደለም። በ1640 ፌርማ ሳያውቀው 641 አካፋይ ነበር፤ ፌርማ ሳይወለድም ነበር፤ የሰንጠረዥ ገበታ ሳይሠራም ነበር። ኦይለር አገኘው እንጂ አልፈጠረውም። እንግዲህ የኛ አሳብ፥ እውነት ቈጣሪ አያስፈልጋትም፤ ቈጣሪው ግን እውነት ያስፈልገዋል የሚል ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን ሰዎች አዲስ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን ለ532፥ ትራፊውንም ለ19 እየገደፉ፥ ከነሱ በኋላ በሚመጣ፥ በሕይወታቸውም በማያዩት ዓመት ፋሲካ በስንት ቀን እንደሚውል ይናገራሉ። የቦረና አያንቱዎችም ጨረቃንና ከዋክብትን አስተያይተው የወሩን ቀን በስሙ ይለያሉ፤ የገዳ ሥርዓትም በስምንት በስምንት ዓመት የሥልጣን ተራን ያስተላልፋል። እነዚህ ሁሉ የቆሙት፥ ቁጥር በሚወደውም በሚጠላውም ፊት አንድ ነው በሚል እምነት ላይ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ምግባር ምንድር ነው? የመጀመሪያው በምሳሌ ብዛት አለመታለል ነው። ፌርማ አምስት ጊዜ እውነት ሆኖ ያገኘውን ነገር ለሁልጊዜ እውነት ነው ብሎ አመነ፤ ስድስተኛው አፈረሰበት። ከዚያም ወዲህ ያሉት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ መርምረው በዚህ መንገድ ከ65,537 ሌላ ብቸኛ ቁጥር አላገኙም። አምስቱ ምስክሮች እውነተኞች ነበሩ፤ ፍርዱ ግን ልክ አልነበረም። በቁጥር ላይ እንዲህ ከሆነ በሰው ላይ እንዴት ይሆን? ከአንድ ወረዳ ወይም ከአንድ ነገድ የመጡ አምስት ሰዎች ቢዋሹ፥ ስድስተኛው ገና ሳይናገር ውሸታም ነው ብሎ በሩን የሚዘጋበት ሹም ስንት ነው? አምስት ተማሪዎች ሰንፈው ያየ መምህር ስድስተኛውን ሳይፈትን ቢፈርድበት፥ በደሉ ከሒሳብ ስሕተት የሚብስ ነው፤ ቁጥር ቢፈረድበት አያዝንም፥ ሰው ግን ያዝናልና።

ለፌርማ ፍትሕ ለማድረግ፥ አንድ ነገር ልንጨምር ይገባናል። አሳቡን ለወዳጁ በጻፈ ጊዜ ፍጹም ማስረጃ እንዳላገኘለት አልሸሸገም። «አምናለሁ» በማለትና «አውቃለሁ» በማለት መካከል ያለውን ልዩነት የጠበቀ ሰው ቢሳሳት እንኳ ክብሩ አይቀንስም። ያላጣራነውን «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ነውር አይደለም፤ ያላጣራነውን «ተጣርቷል» ብሎ መፈረም ግን ነውር ነው።

ሁለተኛው ምግባር ቁጥርን ለአለቃ ደስታ አለማጣመም ነው። ንጉሡ በተረቱ ውስጥ የጎተራውን ሹማምንት ተቈጥቶ «ይበቃል በሉ» ቢላቸው ኖሮ፥ ይበቃል ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ስንዴው ግን አይበቃም ነበር። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅዱ 100 ከመቶ ተፈጽሟል የሚል ወረቀት ሲጻፍ፥ ወረቀቱ ለአለቃ የሚያስደስት ይሆናል፤ እውነቱ ግን በመስኩ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ስለዚህ የተነገረ ነው። ትንሽ ማጉደል ምን ይጎዳል የሚል ካለ፥ የሰንጠረዡን ገበታ ይመልከት፤ ያም የተጀመረው በአንድ ቅንጣት ነው። የዘንድሮው የተጣመመ ቁጥር ለመጪው ዓመት ዕቅድ መነሻ ይሆናል፤ የሚመጣውም ሹም በሱ ላይ ይጨምርበታል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሰው የስንዴ ቅንጣት አይደለም፤ ሁሉን በቁጥር የሚመለከት ሹም ርኅራኄ ያጣል የሚሉ አሉ። ቃሉ እውነት አለበት፤ የሰውን እንባ የሚመዝን ሚዛን የለም። ነገር ግን ርኅራኄና ትክክለኛ ቁጥር ጠላቶች አይደሉም። በአንድ ትምህርት ቤት መሬት ላይ ተቀምጠው የሚማሩ ሕፃናት ቁጥር እንዳያሳፍር ተብሎ ተቀንሶ ቢጻፍ፥ የሚላከው አግዳሚ ወንበር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከመዝገብ የተሰረዘውም ሕፃን ከመሬት አይነሣም። ለድኻ የሚያዝን ሹም አስቀድሞ ድኻውን በትክክል ይቈጥረዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። 641ን መፈለግ ከባድ ነበር፤ የታላቅ ሊቅ ዘመን ጠየቀ። 641ን መመርመር ግን ቀላል ነው፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። በዛሬው ጊዜ ባንኮች ምሥጢራቸውን ከሚጠብቁባቸው ዘዴዎች አንዱ የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው፤ ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ለኮምፒዩተር የቅጽበት ሥራ ሲሆን፥ ብዜቱን አይቶ ሁለቱን መለየት ግን እጅግ ከባድ ነው። ማግኘት የጥቂቶች ዕድል ነው፤ መመርመር ግን የሁሉ መብት ነው፤ ግዴታም ነው። ስለዚህ «እኔ ሊቅ አይደለሁምና ምን ላድርግ» የሚል ምክንያት አይበቃንም። የቀረበልንን ሒሳብ ደምሮ ለማየት፥ የተነገረንን ነገር ከየት እንደ መጣ ለመጠየቅ፥ የምንፈርምበትን ወረቀት አንብቦ ለመፈረም ኦይለርን መሆን አያሻም።

በዚህ ዓለም ባለጸጋና ድኻ፥ ሹምና ባላገር እኩል የሚቆሙበት ቦታ ጥቂት ነው። ቁጥር ከነዚያ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በሱ ፊት የቱሉዙ ዳኛ ቃልና የጎበሳ ተማሪ ቃል በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ፤ የሚያሸንፈውም ማስረጃ ያለው ነው። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፥ ልጆቹ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ፍትሕንም ይማራሉ። ተማሪዎችም መምህራቸውን በአክብሮት «እንዴት ታወቀ?» ብለው ቢጠይቁ ድፍረት አይደለም፤ የእውቀት መጀመሪያ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም በመዝገባችን ላይ የምንጽፈው እያንዳንዱ ቁጥር፥ የሚቈጣጠረን ሰው ቢኖርም ባይኖርም፥ በራሱ ልክ ወይም ስሕተት መሆኑን አውቀን በጥንቃቄ እንጻፍ።